መስመሩ በላያችን ያልፋል፣ እኛ ኩበት እንለቅማለን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። መብራት፣ ማገዶ፣ ግጦሽ፣ የድንጋይ ማውጫ ካባ፣ ደን። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ደብዳቤያቸውን የሚጨርሱትም በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «እኛን የጠየቀን የለም።» ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። የጸሐፊዎቹን ስምና ቀበሌ አላወጣንም፤ ነገም እዚያው የሚኖሩ፣ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር በማሳችን ላይ ያልፋል። ምሰሶው ሲተከል ጉድጓድ ከቆፈሩት ውስጥ የኛ ልጆች ነበሩበት። እስከ ዛሬ ግን የልጅ ልጆቼ የሚያጠኑት በእጅ ባትሪ ነው። «ከዚሁ ቀጥሉልን» ብለን ስንጠይቅ «አይቻልም» ይሉናል። ለምን እንደማይቻል የነገረን የለም። ምን ብለን ብንጠይቅ ነው የሚሰሙን? (አዛውንት ገበሬ)

መልስ፦ ጋሼ፣ «አይቻልም» ያሉዎት ሰዎች ስለ መስመሩ ትክክል ናቸው። ምክንያቱን ሳይነግሩ መሸኘታቸው ግን ትክክል አይደለም። ቢነግሩዎት ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ መልስ በሌለው ጥያቄ አይደክሙም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ላይ የሚያልፈው ኃይል 132 ወይም 230 ኪሎ ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ቤት የሚገባው 220 ቮልት ብቻ ነው። ያንን ወደዚህ ለማውረድ መጀመሪያ ሰብስቴሽን ያስፈልጋል፣ ሰብስቴሽን ደግሞ ለአንድ መንደር ተብሎ አይሠራም። ከሰብስቴሽኑ ኃይሉ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መካከለኛ መስመር ይወጣል፣ መንደር ሲደርስ ትራንስፎርመር ይቀበለዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቤት የሚገባው። ስለዚህ በላያችሁ የሚያልፈውን ተዉት። ጠይቁ ብዬ የምመክራችሁ ይህን ነው፦ ለኛ ቅርብ የሆነው የ15 ወይም የ33 መስመር የት ደርሶ ቆሟል? ከኛ ጎጥ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ይህን ከጠየቃችሁ ባለሙያው የሚመልሰው ነገር አለው።

ማንን እንደምትጠይቁም መለየት አለባችሁ። ድሮ አንድ የነበረው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ግድቡንና ትልቁን መስመር የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለቤታችሁ ቆጣሪ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የናንተ ጥያቄ ለአገልግሎቱ ነው የሚጻፈው።

ዕቅዱንም እወቁት። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም አወጣ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አሻሻለው። በተሻሻለው መሠረት በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ቤት መብራት እንዲያገኝ ነበር የታቀደው። 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከፀሐይና ከመሳሰሉት ምንጮች። ዓመቱ አልፏል። የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግን ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ ገጠር ማድረስ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሥራ የሚሠራው በየወረዳው በሚወጣ ዝርዝር ነው። እናንተ በዚያ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖራችሁን የማወቅ መብት አላችሁ።

ደብዳቤ ስትጽፉ ችግራችሁን ብቻ አትጻፉ። መብራቱ ቢገባ ምን እንደሚሠራበትም ጻፉ። በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ስንት ሰው እንደሚጠብቅበት፣ ሴቶቹ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚሰለፉ። ወተትም አለ። ከጫጫና ከሸኖ አካባቢ ብዙ ወተት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ይህን የማያውቅ የለም። የጠዋቱ ወተት መኪና ይደርስበታል፤ የማታው ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት እስኪነጋ ይቆይና ይመለሳል። መስመር የሚዘረጋው መሥሪያ ቤት የሚከፍል ደንበኛ ይፈልጋል፣ አምፖል ብቻ ከሚያበራ መንደር ይልቅ ወፍጮና ማቀዝቀዣ ያለው መንደር ቀድሞ ይታየዋል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እኛ የ… ቀበሌ የ… ጎጥ ነዋሪዎች … አባወራና እማወራ ነን። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ኬላና በናፍጣ የሚሠራ አንድ ወፍጮ አለን። በቀን … ሊትር ወተት እናስረክባለን። ቅርብ ያለው መካከለኛ መስመር … ላይ ነው። በዕቅዱ ውስጥ በዋናው መስመር ነው ወይስ በፀሐይ ኃይል የተመደብነው? በየትኛው በጀት ዓመት? ያልተመደብን ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

ቁጥሩን ቆጥራችሁ ሙሉት፣ በግምት አይሁን። ደብዳቤውን ስታስገቡ ለአንድ ሰው በእጁ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት ሂዱ። በቀሪው ቅጂ ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይደረግላችሁ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ፦ ኩበት አታቃጥሉ፣ ለማሳችሁ አድርጉት ይሉናል። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ አትትከሉ ይሉናል። ዛፍ አትቁረጡ ይሉናል። ታዲያ በምን እንጋግር? ስብሰባ ሲሆን የሚጠሩት ባሎቻችንን ነው። እበት የምንጠፈጥፈው ግን እኛ ነን። (የአራት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ያንቺን ነው።

ምክሩ በራሱ ውሸት የለበትም። እበት ማሳ ላይ ቢውል አፈሩን ያለማል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ ለም ነገር ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ገበሬው ደግሞ በዚያው ዓመት ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። ይህን ሰሜን ሸዋ ውስጥ የማያውቅ ገበሬ የለም። ችግሩ አለማወቅ አይደለም፣ ምትክ ማጣት ነው። ዝናብ ሲያቆም እበቱን በገለባ ለውሰሽ፣ ጠፍጥፈሽ፣ አገላብጠሽ አድርቀሽ፣ ክረምት እንዳይነካው ከምረሽ የምታስቀምጪው ሌላ ስላጣሽ ነው። ምትክ ሳይሰጥ «አታድርጉ» ማለት ለእኔ ፖሊሲ አይደለም፣ ሸክሙን ሴቶች ላይ መጣል ነው። በሀገራችን ከሚበላው ኃይል ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ ዛሬም ከእንጨት፣ ከኩበት፣ ከከሰልና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። ስለ ኢነርጂ ሲወራ ግን የሚወራው ስለ ግድብና ስለ ንፋስ ተርባይን ነው። ምድጃ ያለበት ቤት አይጠቀስም።

አንድ ነገር ልብ በይ። «መብራት ይገባላችኋል» ማለት «እንጀራ በመብራት ትጋግራላችሁ» ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል። ለቤት የሚታደለው አነስተኛ የፀሐይ መብራት በአሥር ቤት የሚቆጠር ዋት ነው፤ አምፖልና ስልክ ይችላል፣ ምጣድ ፈጽሞ አይችልም። ስለዚህ ቀበሌያችሁ ከ35 በመቶው ውስጥ ከተመደበ መብራት ታገኛላችሁ፣ ኩበት ለቀማው ግን ይቀጥላል። ስብሰባ ላይ «የሚመጣው ኃይል ምጣድ ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አይችልም ካሉ «ለማገዶውስ ምን አስባችኋል?» በያቸው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስብሰባ ላይ አይገኝም፣ ምክንያቱም የሚጋግረው ሰው ስብሰባው ላይ የለም።

እስከዚያው ምን አለ? ምርጥ ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚይዘው እሳቱ አይባክንም። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። እዚያው የሚሠሩ ወጣቶች ቢሠለጥኑ ደግሞ ለነሱም ሥራ ነው።

ባዮጋዝም አለ፣ ግን ሁሉንም አውቀሽ ግቢበት። ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልጋል፣ የእበቱን ያህል ውሃ በየቀኑ ያስፈልጋል። ጥሩነቱ እበቱ ጋዝ ከሰጠ በኋላ ዝቃጩ ለማሳ ይተርፋል፣ ማለትም ምድጃውም ማሳውም ይጠቀማሉ። ጉዳቱ ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ አየር ጋዙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለወጥና ለቡና ይሆናል እንጂ ለእንጀራ ምጣድ ይቸገራል። ይህን ሳይነግሩሽ አስፈርመውሽ ቢሄዱ በኋላ ተስፋ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።

ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ አልልም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን የኖረ ዛፍ ነው፣ ዛሬ ለብዙ ቤት የልጅ ደብተርና የግብር ገንዘብ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከምንጭ ራስና ከእርሻ ዳር አርቃችሁ፣ ተዳፋትና ጠፍ ቦታ ላይ ትከሉት። «አትትከሉ» ከማለት «የት እንትከል» የሚለውን አብሯችሁ የሚያጠና ባለሙያ ጠይቁ።

ስብሰባውን በተመለከተ የሴቶች ደብዳቤ ለብቻው ይሁን። በማኅበር ወይም በሰንበቴ ስትገናኙ ተነጋገሩበት፣ አንዷ ትጻፈው፣ ሁላችሁም ፈርሙ። የስብሰባው ሰዓትም ከጋገራ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ጠይቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። የወል ግጦሻችን ላይ የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነው አሉን። ወጣቱ ሥራ ያገኛል ተባለ። ስማችንን ጽፈን ፈረምን። አሁን ስንቃወም «ተስማምታችሁ ፈርማችኋል» እያሉ ወረቀቱን ያሳዩናል። የመኪናው መንገድ በምንጫችን አጠገብ ነው የሚያልፈው። መጨረሻችን ነው ማለት ነው? (ወጣት፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ)

መልስ፦ አይደለም። ተረጋጋ፣ የፈረማችሁትን ወረቀት ግን አሁኑኑ ቅጂውን ጠይቁ።

ብዙ ቦታ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰው ሲገባ ስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል። ራስጌው ላይ «የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር» ይላል፣ ወይም ምንም አይልም። ያ ወረቀት በስብሰባው መገኘታችሁን ያሳያል፣ ሌላ ምንም አያሳይም። ስምምነት የሚባለው በቃለ ጉባኤ የተጻፈው ነው፦ ማን ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት፣ በምን ተስማሙ። ቃለ ጉባኤው ከተያዘ ይነበብላችሁ። የናንተ ጥያቄ ከሌለበት «ስለ ምንጩ አንስተናል፣ አልተጻፈም» ብላችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ወረቀት ሲዞር መጀመሪያ ራስጌውን አንብቡ፣ ባዶ ከሆነ እዚያው በእስክርቢቶ «የተገኙ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሕጉ ከጎናችሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው። አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ዝግጅትም አፈጻጸምም ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ዝግጅት ላይ ይላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ መጥቶ ማሳወቅ ይህን አያሟላም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባለው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 299 በሕግ የገባ ነገር ነው። ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በውሃ፣ በአፈር፣ በሰው ላይ የሚያመጣው ነገር ይጠናል፣ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፣ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት ይካተታል። ለትንሽ ካባ ጥናቱ አጭር ሊሆን ይችላል። ይሁን። «ጥናቱ የት ነው? እንየው። የእኛ አስተያየት የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ። አንቀጽ 11ን አስታውሱ። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። «ሊያደርስ በሚችል» የሚለውን ልብ በል፣ ምንጩ እስኪደርቅ መጠበቅ የለባችሁም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀት ካለ ነው። መዝገብ ቤት፣ ማህተም፣ ቁጥር ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ በእጃችሁ ያለውን ሥራ ጀምሩ። ምንጩ ዘንድ ሂዱ። 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት ለኩ። ቀኑን ጻፉ፣ ሦስት ሰው ይፈርምበት። ይህን በየወሩ አድርጉ፣ በበጋም በክረምትም። ውሃው በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ፎቶ አንሱት። ለካባው ቅርብ የሆኑትን ቤቶች ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱ፤ ድማሚት መፈንዳት ከጀመረ በኋላ ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» መባሉ አይቀርም። የ12ኛ ክፍል ትምህርትህ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ሽማግሌዎቹ ድሮ ምንጩ እስከ የት ይፈስ እንደነበር ያውቃሉ፣ አንተ ደግሞ መዝግበው።

ከዚያ በፊት ግን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። ካባው ጨርሶ አይምጣ ነው የምትሉት? ወይስ መንገዱ ከምንጩ ይራቅ፣ ፍንዳታው በታወቀ ሰዓት ይሁን፣ አቧራው ባቄላው ሲያብብ በውሃ ይረጠብ፣ ሲያበቃም ጉድጓዱ ተሞልቶ ይመለስ? ሁለቱም ሊጠየቅ ይችላል፣ ግን አንዳችሁ ያንን፣ ሌላችሁ ይህንን ካላችሁ «ሕዝቡ ተከፋፍሏል» ይባልና ነገሩ ያልፋል። ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፣ ከብት ያለው ግጦሽ ይፈልጋል። ይህ ሐቅ ነው፣ ደብቃችሁ አትሂዱ። የፈቃዱ ግዴታዎች ምን እንደሆኑ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ፣ ከአካባቢው ስንት ሰው እንደሚቀጠርም በጽሑፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ የመንዝ ሰው ነኝ። አባቶቻችን ጓሳን፣ የወል የሣር ምድራችንን፣ ያለ ዘበኛና ያለ አዋጅ ጠብቀው አቆዩልን። የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁም። ጻፉላቸው።

መልስ፦ አባቴ፣ በደስታ። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ የዝናብ ገሳ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ነበር የሚጠበቀው፤ አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች ናቸው ያቆሙት ይባላል። ቦታው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ እስከ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም እስኪፈታ፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ቀኑን ሁሉም ያውቀዋል። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ያስከብሩታል፣ የጣሰ ከባድ ቅጣት አለበት። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ጓሳም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን አልተወውም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ ደንቡን እንደገና አጻፈ፣ በ2004 ዓ.ም. ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀለት። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ አሉ።

ለወጣቶቹ የምለው፣ ከላይ ስለ ካባው ለጠየቀው ልጅም ጭምር ነው፦ ሂዱና የጓሳን ኮሚቴ አነጋግሩ። ደንብ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ክልሉ ዘንድ እንዴት እንደሚገባ ከነሱ በላይ የሚያውቅ በቅርባችሁ የለም።

ጥያቄ፦ ደብዳቤ ብጽፍ ፀረ ልማት እባላለሁ ብዬ እፈራለሁ። ጊዜውም እንደምታውቁት ነው።

መልስ፦ ፍርሃትህ ተገቢ ነው፣ ጀግና ሁን አልልህም። መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው በሚሰጋበት ሰሞን ስብሰባ አትጥራ፣ ነፍስ ይቀድማል። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው፣ ግን ብቻህን አትቁም። አንድ ሰው የጻፈው ደብዳቤ የዚያ ሰው ጠብ ይመስላል። እድሩ በሊቀ መንበሩ በኩል ከጻፈው ግን የአገር ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ሰው አትውቀሱ፣ ፖለቲካ አታስገቡ። ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ የቤት ቁጥር፣ ቀን። እነዚህን የጻፈ ሰው ፀረ ልማት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የገዛነው የፀሐይ መብራት ወዲያው ተበላሸ። ማን ይጠግነው?

መልስ፦ ደረሰኙና የዋስትና ካርዱ ካለ ሻጩ ይለውጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ባትሪው ነው እንጂ ፓኔሉ አይደለም፣ አትጣለው። ለወደፊቱ ዋስትና የማይጽፍ ነጋዴ ዘንድ አትግዛ። ቀበሌያችሁ በፀሐይ ኃይል የሚመደብ ከሆነ ደግሞ «ጥገናው በማን በኩል ነው? ዕቃውስ ከየት ይመጣል?» የሚለው ከላይ ባለው ደብዳቤ ላይ ይጨመር።

ጥያቄ፦ ደብዳቤውን ደብረ ብርሃን ነው ወይስ አዲስ አበባ የምናስገባው? ለትራንስፖርት ገንዘብ የለንም።

መልስ፦ ዋናውን ለወረዳችሁ አስገቡ፣ የመብራት ከሆነ ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት። ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ብላችሁ ለዞኑ፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ለምርጫ ክልላችሁ የምክር ቤት ተወካይ ጻፉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጉላልቷችሁ ከሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ይሂድ፣ እዚያ አቤቱታ ያለ ክፍያ ነው። ግልባጩን በፖስታ መላክ ይቻላል፣ ወይም ለሌላ ጉዳይ ደብረ ብርሃን የሚሄድ የታመነ ሰው ይዞት ይሂድ። ዋናውና ግልባጩ በአንድ ቀን ይውጡ፣ የአደራው ሰውም ሲመለስ የገቢ ቁጥሩን ጽፎ ያምጣላችሁ።